የዳኛው ድምፅ

«አይደለም» አለች አዘጋጇ። «አሁንም አይመስልም።»

አያቷ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። እሷ የእናቷን ላፕቶፕ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊልሙን ግማሽ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ መለሰችው። ስክሪኑ ላይ የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት የነበሩት አያቷ ጥቁር ካባ ለብሰው፣ ሰው በሌለበት የፍርድ ቤት አዳራሽ ውስጥ ቆመዋል። ባዶዎቹን አግዳሚ ወንበሮች አንድ በአንድ አዩና አፋቸውን ከፈቱ።

«ፍርዱን እኔ ሰጠሁ፤ እንቅልፌን ማን ይስጠኝ?»

ድምፁ ወፍራም ነው፤ አይቸኩልም። «እንቅልፌን» ከማለቱ በፊት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ይቆማል። ፊልሙ አልቆ የስም ዝርዝሩ መውረድ ሲጀምር እንኳ ጆሮ ውስጥ ይቀራል።

አያቷም ራሳቸውን ቀና አድርገው ተናገሩት። ከቃሉ አንድም አልጎደለም። ድምፃቸው ግን ቀጭንና ሻካራ ነው፤ መሐል ላይም ይሰነጠቃል።

«አባባ፣ ሰው እንዴት ራሱን መምሰል ያቅተዋል?»

«ዕድሜ ነዋ» አሉ አያቷ። «ያኔ ጥርሴ ሁሉ የራሴ ነበር።»

«የጥርስ ጉዳይ አይመስለኝም። የሚቆሙበትም ቦታ ልክ አይደለም። ፊልሙ ላይ እዚህ ጋ ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ አሁን ግን ዝም ብለው ነው የሚያልፉት።»

አያቷ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉትና «እስኪ መጀመሪያ ሻይ እንጠጣ» አሉ። ነገር ሲከብዳቸው ሻይ ይጠማቸዋል።

አዘጋጇ ትክክለኛ ስሟ አልነበረም። ማንበብ ከቻለችበት ጊዜ ጀምሮ አያቷ ቃለ ተውኔት ሲያጠኑ ወረቀቱን ይዛ የምትከታተላቸው እሷ ናት። አንዲት ቃል ከዘለሉ አታሳልፍም፤ «አባባ፣ 'ደግሞ' የምትለዋን ዋጧት» ትላለች። በቴአትር ቤት እንዲህ የሚነዘንዛቸው አዘጋጁ ብቻ ስለነበረ ይህን ስም አወጡላትና ቤተሰቡ ተቀበለው። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

አያቷ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተዋናይ ሆነው ኖረዋል፤ ዋና ተዋናይ ግን ሆነው አያውቁም። ፖስተር ላይ ስማቸው የሚጻፈው ከታች፣ «እና ሌሎችም» ከሚለው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ሐኪም ሆነዋል፣ ዘበኛ ሆነዋል፣ ክፉ አጎት፣ ደግ አጎት፣ የሙሽራ አባት፣ ባቡር የሚያመልጠው ነጋዴ ሆነዋል። ሰው መንገድ ላይ ሲያያቸው «እኚህን ሰውዬ አውቃቸዋለሁ፤ የት ነበር?» ብሎ ግንባሩን ያሻል። እሷ ባወጣችው ዝርዝር መሠረት በመድረክና በፊልም አንድ መቶ ስድሳ ሦስት ሰው ሆነዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ አርባ አንዱ ሞተዋል። እናቷ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ «አባዬ፣ ዛሬ በስንተኛው ገቢር ነው የሚሞቱት? እራት በስንት ሰዓት ላድርግ?» ብላ ትጠይቃለች።

በመጀመሪያው ገቢር ቢሞቱም ታዲያ ቶሎ ቤት መግባት የለም። በቴአትር ቤቱ ደንብ የሞተ ሰው ልብሱን ሳያወልቅ ጠብቆ፣ መጨረሻ ላይ ከሌሎቹ ጋር ወጥቶ ለተመልካች እጅ መንሣት አለበት። አያቷ ሲያሰሉት ከሃምሳ ዓመቱ ውስጥ አራቱን ያሳለፉት ሞተው ሲጠብቁ ነው።

ከአንድ መቶ ስድሳ ሦስቱ መካከል ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ግን ዳኛውን ነው። የአውቶቡስ ሹፌር መስኮት ከፍቶ «ጋሼ፣ እንቅልፌን ማን ይስጠኝ?» ይላቸዋል። ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቁ ነርሷ «እስኪ አንዴ ይበሉልን» ብላ ትለምናቸዋለች። እሳቸው ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ ፈገግ ብለው ያልፋሉ። አንድም ቀን ብለውት አያውቁም። ቤተሰቡ ይህን ከትሕትና ቆጥሮ ይኮራበት ነበር፤ አዘጋጇም እንደዚያው።

አሁን ግን ማለት ሊኖርባቸው ነው። የፊታችን ቅዳሜ ቴአትር ቤቱ የሃምሳ ዓመት ሥራቸውን ሊያከብር ነው። ዝግጅቱን የያዘው አዲሱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው፤ በየዓረፍተ ነገሩ «ፕሮግራሙ» ስለሚል ሠራተኛው ሁሉ «ፕሮግራሙ» ብሎ ይጠራዋል። እሱ ባወጣው ሐሳብ መሠረት የፊልሙ የመጨረሻ ትዕይንት በትልቅ ስክሪን ያለ ድምፅ ይታያል፤ ዳኛው አፉን ሲከፍት አያቷ ከስክሪኑ ፊት ቆመው ያንን ዓረፍተ ነገር በገዛ አፋቸው ይናገሩታል። ከዚያ በፊት የልጅ ልጃቸው ሁለት ገጽ ጽሑፍ ታነባለች። አያቷ «እሺ» አሉት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አዘጋጅ ቁም ሲላቸው ቆመው፣ ሙት ሲላቸው ሞተው ስለኖሩ እምቢ ማለት ብዙም አይሆንላቸውም።

እሷ ጽሑፏን ከጨረሰች ሦስት ቀን አልፏታል። ከሁሉም የምትወዳት ዓረፍተ ነገር «ያ የማይረሳ ድምፅ» የሚለው ያለባት ናት። መታጠቢያ ቤት ገብታ መስታወት ፊት ስታነባት ደስ ይላታል።

ረቡዕ ከሰዓት መድረኩ ላይ ልምምድ ነበረ። አያቷ የቅርብ መነጽራቸውን ቤት ረስተውት ስለሄዱ ከትምህርት ቤት መልስ ይዛላቸው ሄደች። በኋላ በር ገባች። መተላለፊያው ቀለምና አቧራ ይሸታል፤ ግድግዳው ላይ ገመዶች ተጠቅልለው ተሰቅለዋል፤ ከአንድ ድሮ ከታየ ድራማ የተረፈ በር፣ ቤት የሌለው በር፣ ብቻውን ቆሟል። ከመድረኩ በስተቀኝ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ቃል አስታዋሹ እንደወትሮው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል።

የቃል አስታዋሽ ሥራ ቀላል ይመስላል። ጽሑፉን ይዞ ከመጋረጃ ጀርባ መቀመጥ፣ ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ቀጣዩን ቃል በሹክሹክታ ማቀበል፣ ተመልካች እንዳይሰማ መጠንቀቅ። እኚህ ሰው ይህን ሥራ አርባ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ከመልመዳቸው ብዛት ከቴአትር ቤቱ ውጭም የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው፤ ዳቦ ሲገዙ ባለሱቁ «ምን አሉ?» እያለ ሁለቴ ያስደግማቸዋል። አዘጋጇ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ጋሼ» እያለች ታውቃቸዋለች፤ ከሹክሹክታ በላይ ሲናገሩ ግን ሰምታ አታውቅም። ጭንቅላቷን ሳም አድርገው አጠገባቸው ቦታ ሰጧት።

ፕሮግራሙ አዳራሹ ውስጥ አምስተኛው ረድፍ ላይ ማይክሮፎን ይዞ ተቀምጧል። «ከመጀመሪያው እንሂድ» አለ። «ፕሮግራሙ ላይ ሦስት ደቂቃ ነው ያለን።»

መብራት ጠፋ፤ ስክሪኑ በራ። ዳኛው ያለ ድምፅ ወንበሮቹን አየ። አያቷ ለስክሪኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ስለቆሙ አያዩትም፤ በሐሳብ ቆጥረው ነው የሚገቡት። መጀመሪያ ቀድመው ገቡ። ሁለተኛ ጊዜ ዘገዩ፤ ዳኛው አፉን ዘግቶ እሳቸው ገና «እንቅልፌን» ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ጊዜ ዳኛው አፉን ሊከፍት ሲል እሳቸው ዝም ብለው ቆሙ። ቃሉ ጠፋባቸው ወይም ማለት አቃታቸው፤ ከጎን ሆኖ ለሚያይ አይለይም።

ቃል አስታዋሹ በሹክሹክታ «ፍርዱን» አሉ። አያቷ አልሰሙም፤ በዚያ በኩል ያለው ጆሯቸው ካለፈው ዓመት ወዲህ ደክሟል። ቃል አስታዋሹ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነበር፤ የዳኛው ከንፈር ላይ። አርባ አንድ ዓመት የለመዱት ነገር አሸነፋቸውና ተናገሩ።

«ፍርዱን እኔ ሰጠሁ፤ እንቅልፌን ማን ይስጠኝ?»

ድምፁ አዳራሹን ሞላው። ወፍራም ነው፤ አይቸኩልም፤ «እንቅልፌን» ከማለቱ በፊት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆመ። ከዳኛው ከንፈር ጋር በትክክል ገጠመ።

«ድምፁን ማን ከፈተው?» አለ ፕሮግራሙ። «ዝጋው አላልኩህም?»

«እኔ ምንም አልነካሁም» አለ የድምፅ ባለሙያው ከላይ ከክፍሉ።

«ቆይ፣ ቆይ። እንደውም እንዲህ ይሻላል። ጋሼ፣ እርስዎ አፍዎን ብቻ ያንቀሳቅሱ፤ ድምፁን ከፊልሙ እንለቀዋለን። ማንም አይነቃም። ፕሮግራሙም ያምራል።»

አያቷ አዳራሹን አላዩም፤ መጋረጃውን ነበር የሚያዩት። «እሺ» አሉ ቆይተው።

ቃል አስታዋሹ ቁጭ አሉ። ዘወር ሲሉ ዓይናቸው ከአዘጋጇ ዓይን ጋር ተጋጨ። ጎንበስ ብለው እዚያች ትንሽ መብራታቸው ላይ ምንም ያልጎደላትን ገመድ ማስተካከል ጀመሩ። እሷም መነጽሩን በእጇ እንደያዘች ቀረች።

አውቶቡስ ሲጠብቁ አልጠየቀችም። አውቶቡሱ ውስጥም አልጠየቀችም። ከወረዱ በኋላ፣ ከቤታቸው በፊት ባለው የጫማ መጠገኛ አጠገብ ሲደርሱ «አባባ፣ የእርስዎ አይደለም አይደል?» አለች።

«አይደለም» አሉ አያቷ ሳይቆሙ። ከዚያ ትንሽ ሄደው ቆሙ።

«ያኔ ፊልም ሲቀረጽ ድምፅ አብሮ አይቀረጽም ነበር። ምስሉ ያልቅና በኋላ ስቱዲዮ ተገብቶ፣ አፍ እየታየ ነው ድምፅ የሚቀዳው። ድምፁ ሊቀዳ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጉሮሮዬን ታመምኩ። ቀዶ ሕክምና አደረጉልኝና ሐኪሙ ለሦስት ወር አንድ ቃል እንዳትተነፍስ አለኝ። የፊልሙ አዘጋጅ ደግሞ መጠበቅ አልቻለም።»

«ከዚያ ጋሼን ጠሩ።»

«አሥር ዓመት አፌን ሲያይ የኖረ ሰው ነው። የት እንደምተነፍስ፣ የት እንደምሰናከል ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ገብቶ በአንድ ከሰዓት ጨረሰው።»

«ስማቸውስ?»

«አልተጻፈም።»

«ለምን?»

«መጀመሪያ ሰሞን ሰው ከጠየቀኝ እናገራለሁ ብዬ ነበር። ማን ይጠይቃል? 'ይህ ድምፅ ያንተ ነው ወይ?' ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ? ከዚያ ሽልማት መጣ። ከሽልማቱ በኋላ መናገሩ ከበደኝ። አምስት ዓመት ሲሆነው ደግሞ ማፈር መጣ። ከዚያ በኋላ ለመድኩት።»

«ድምፅዎ መለወጡን ሰው አላየም?»

«አይቷል እንጂ። ቀዶ ሕክምናው ጎዳው ብሎ አዘነልኝ።»

ጫማ ጠጋኙ መዶሻውን አስቀምጦ «ዳኛው፣ እንዴት ዋሉ?» አላቸው። አያቷ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም አሉት። አዘጋጇ ፊቷን አዞረች። ተናዳለች። ልጅ ሆና የክፍል ጓደኞቿን ሰብስባ ያቺን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳሳየች ታስታውሳለች፤ ያኔ ሁሉ አያቷ ከጎን ቁጭ ብለው ፈገግ ይሉ ነበር።

«ቅዳሜ ምን ልበል እንግዲህ?» አለች።

«እኔ እንዲህ በይ፣ እንዲያ በይ አልልሽም። ወረቀቱ ያንቺ ነው።»

ይህ አባባላቸው የባሰ አናደዳት። ዝም በይ ቢሏት መናደዱም መወሰኑም ይቀልላት ነበር።

በማግስቱ ዕረፍት ሰዓት ላይ አብራት ከምትቀመጠው ልጅ ጋር ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ልጅቷን ክፍሉ በሙሉ «ራዲዮ» ይላታል፤ ለእሷ የተነገረ ነገር እስከ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ድረስ ትምህርት ቤቱን ያዳርሳል። ስለዚህ አዘጋጇ ነገሩን ለውጣ ጠየቀቻት።

«እንበልና አንድ ዘፋኝ አለ። ሰው የሚወድለትን ዘፈን የዘፈነው ግን ሌላ ሰው ነው። የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ትናገሪያለሽ?»

«ዘፋኙ ቀሽት ነው?»

«እሱ ምን አገናኘው?»

«ቀሽት ከሆነማ ዝም እላለሁ። ፋራ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ፖስት አደርገዋለሁ።»

«ቀሽት ነው እንበል። አንቺንም ይወድሻል።»

«በቃ ዝም በያ! ምን አስጨነቀሽ? ማንም አልተጎዳ።»

«እውነት የዘፈነውስ?»

ራዲዮ ብስኩቷን አፏ ጋ እንደያዘች አሰበች። «እሱን ረሳሁት» አለች በመጨረሻ።

አዘጋጇ ከሰዓት በኋላ እንደገና ወደ ቴአትር ቤቱ ሄደች። ቃል አስታዋሹ አልባሳት ክፍል ውስጥ፣ በተሰቀሉ ካፖርቶች መሐል ቁጭ ብለው፣ የሚቀጥለውን ድራማ ጽሑፍ በእርሳስ እያሰመሩ ነበር። የመጣችበትን ሳትነግራቸው አወቁት።

«ነገረሽ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ነገሩኝ። እኔ ቅዳሜ ልናገር እፈልጋለሁ፣ ጋሼ።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«እኔ ከተሰማሁ ሥራዬን አልሠራሁም ማለት ነው። ትናንት ያደረግኩት ራሱ ነውር ነው፤ በአርባ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርቼ አላውቅም።» እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ደግሞስ አያትሽ ሃምሳ ዓመት ሠርቶ ያገኛት ቀን አንዲት ናት። እሷን ልቀማው?»

«ፊልሙን አይተውታል?»

«አሥራ አንድ ጊዜ።» ይህን ሲሉ ትንሽ አፈሩ። «የመጀመሪያውን ቀን መጨረሻ ረድፍ ላይ ሆኜ አየሁት። ያቺ ቦታ ስትደርስ አጠገቤ ያለች ሴትዮ መሐረብ አወጣች። አያትሽ ያኔ ገና መናገር አልተፈቀደለትም ነበር፤ ከፊት ረድፍ ዞሮ ፈለገኝና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እኔ ይበቃኛል አልኩ።»

«ልጆችዎ ያውቃሉ?»

ቃል አስታዋሹ ካፖርቶቹን አዩ። «ሁለቱም ያንን ዓረፍተ ነገር በቃላቸው ያውቁታል» አሉ። «ታላቅየው ሲላጭ ሳይቀር ይለዋል። የማን እንደሆነ ግን አያውቁም።»

«ቢያውቁ ደስ አይልዎትም?»

ጽሑፋቸውን አነሡና «ስሜን እንዳታነሺ። እሺ በይኝ» አሉ። እሷ እሺም እምቢም ሳትል ወጣች።

በኋላ በሩ አጠገብ የሠራተኛው የሥራ ተራ የተለጠፈበት ሰሌዳ አለ። እዚያ ቆማ ፈለገችው። ከታች ወደ ላይ ሦስተኛው መስመር ላይ የቃል አስታዋሹ ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ተጽፏል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ጋሼ» ስትላቸው የአባታቸውን ስም አለማወቋ ገረማት። ደብተሯን አውጥታ ገለበጠችው። መገልበጥ መናገር ማለት አይደለም ብላ ራሷን አሳመነች።

ዐርብ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ማዕድ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ሁለተኛውን ገጽ እንደገና ጻፈችው። ጨርሳ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አንዱ ላይ «ያ የማይረሳ ድምፅ» አለ፤ ያምራል፤ ሰው ያጨበጭባል፤ አያቷ አፋቸውን አንቀሳቅሰው እጅ ነሥተው ይወርዳሉ። ሌላኛው ላይ ያ ዓረፍተ ነገር የለም። እሱን ስታነበው አዳራሹ ዝም ሲል፣ ሰው ወደ ጎን ሲተያይ፣ አያቷ መድረኩ መሐል ባርኔጣ እንኳ ሳይዙ ቆመው ሲጠብቁ ታያት። አያቷን ትወዳለች፤ በእሳቸው ላይ ሰው ሲስቅ ከማየት ሒሳብ ብትወድቅ ትመርጣለች።

አያቷ ለነገው የሚለብሱትን ሸሚዝ ተኩሰው ይዘው ገቡ። ወንበር ጀርባ ላይ አንጠለጠሉትና ወረቀቶቹን አዩ፤ አላነሷቸውም።

«ሁለት ሆነ?» አሉ።

«ሁለት ሆነ። ጋሼን ጠየቅኳቸው።»

«ምን አለሽ?»

«ስሜን አታንሺ አሉ። የእርስዎን ቀን አልቀማም አሉ።»

አያቷ ከፊቷ ተቀመጡ። ለትንሽ ጊዜ የጠረጴዛውን ጨርቅ በመዳፋቸው ሲደለድሉ ቆዩ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ያለኝ ይህንኑ ነው» አሉ። «እኔም ቶሎ ብዬ እሺ አልኩት። አየሽ፣ እሱ እንደማይፈልግ አምኜ አይደለም። ስለተመቸኝ ነው።»

አዘጋጇ አያቷ እንዲህ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። ድምፃቸው እንደወትሮው ሻካራ ነበር፤ እንደ ዳኛ አልነበረም፣ እንደ ሐኪምም፣ እንደ ደግ አጎትም አልነበረም።

«ሰው ቢስቅብዎትስ?»

«ሊስቅ ይችላል» አሉ። «እንደሚያስፈራኝ አልደብቅሽም። ተነሺ አሁን። ነገ ቆመሽ ነው የምታነቢው፤ ተቀምጠሽ ከለመድሽው ድምፅሽ አይወጣም።»

ተነሣች። የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች፤ ዘበኛውን፣ ሐኪሙን፣ አርባ አንዱን ሟቾች። አያቷ አንድ ቦታ ላይ ሳቁ። ገጹ አለቀ። እጇ ወደ ጠረጴዛው ሄደና ለአፍታ ቆየ፤ ከዚያ አዲሱን ገጽ አነሣች።

«አሁን የምታዩት ፊት የአያቴ ነው» ብላ አነበበች። «እንዲህ አድርጎ ባዶ ወንበር ማየት የሚችል ሌላ ሰው አላውቅም። ድምፁ ግን የእሳቸው አይደለም። አያቴ በታመሙ ጊዜ ድምፃቸውን ያዋሷቸው ሰው ዛሬም እዚሁ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጠዋል። እኚህ ሰው...»

ስሙን እስከ አያት ድረስ አነበበችው። ሦስቱ ስሞች ተደራርበው እንደ አንድ ስም ወጡ። እስከ ታች ጨርሳ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች።

አያቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። የታችኛው ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ በጣታቸው ያዙት። ቃላቸውን ሲያጠኑም እንዲህ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ስለዚህ ሥራ ላይ ይሁኑ ወይም እያለቀሱ ለማወቅ አልቻለችም። ጠበቀቻቸው።

«ስሙ ላይ ቸኮልሽ» አሉ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ። «ሕዝቡ ያንን ስም ሰምቶት አያውቅም። ቀስ ብለሽ፣ አንድ በአንድ።»

አዘጋጇ ወረቀቱን ቀና አደረገችና ከመስመሩ መጀመሪያ ጀመረች።